በሰባት ለቅሶ ያለቀሰችው ሴት

የምነግራችሁ ነገር ተደርጓል። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን ቁልፉን በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ቦምቤ፣ የእማማ ጥሩዬ ግቢ። ሌሊት አልነበረም፣ መብራት አልጠፋም፣ ጅብ አልጮኸም። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ነገሩ የደረሰው በደገፉ ላይ ነው። ደገፉ ሶዶ ውስጥ፣ ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጎን፣ ፎቶ ቤት አለው። ከአክስቱ ልጅ ከሄኖክ ጋር ነበር የሚሠሩት፤ ደገፉ ፎቶውን፣ ሄኖክ ቪዲዮውን። የማዳላ እንዳይመስላችሁ እንጂ እንደ ደገፉ እውነት የሚወድ ሰው አላየሁም። የሙሽራ ብጉር እንኳ ሲያጠፋ ቅር ይለዋል።

ሄኖክ ሰርግ ቀርጾ ሲመለስ የተሳፈረበትን ቅጥቅጥ፣ ከቢጠና ከተማ ወዲያ አንድ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ጎርፍ ወሰደው።

ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ።

የሃያ ስምንቱ ሬሳ ተገኘ። የሦስቱ አልተገኘም...

ሄኖክ ከሦስቱ አንዱ ነበር።

በዚያ ሳምንት ደገፉ ሙሽራ አላነሳም። የሟች ቤተሰቦች ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ ለለቅሶው አሳድጎ ፍሬም ውስጥ ያስገባል። የሁሉንም ከጨረሰ በኋላ የሄኖክን አሳደገና ለአክስቱ ለእማማ ጥሩዬ ይዞላቸው ሄደ።

እሳቸው አልተቀበሉትም። ልጄ መሞቱን ማን አየ አሉት።

ይህን ጥያቄ አፋቸው ላይ ያኖረው ቢኒ ነው።

ቢኒ የደገፉ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ቀን መሥሪያ ቤት ይውላል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የቴሌግራም ቻናሉ ላይ «የተደበቀውን» ያወጣል። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ፣ አደጋ የሚባል ነገር የለም፣ እርዳታ ለመሰብሰብ የተሠራ ድራማ ነው ብሎ ለጠፈ። ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው፤ ሞቱ የተባሉት ሰዎች አንድ ቦታ ተደብቀዋል።

ደገፉ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተናደደ። ከዚያ መከራከር ጀመረ፤ ስህተቱም ይኸው ነው።

ሬሳ ከውሃ ያወጣ ሰው አምጥቶ አገናኘው። ቢኒ፣ እሱም ከእነሱ ነው አለ። የመኪናውን ስብርባሪ ፎቶ አሳየው። የሌላ አገር ነው አለ። ታርጋውን አጉልቶ አሳየው። ታርጋ ይለጠፋል አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ቀን እኔው ፊት ደገፉ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ዝናብ ዘነበ፣ ሾፌሩ ቸኮለ፣ ሰው ሞተ። ይሄ ለምን አይበቃህም ቢኒ?»



«ሠላሳ አንድ ሰው... በአንድ ሾፌር መቸኮል?» አለ ቢኒ ቀስ ብሎ። «ከዚህስ ድራማ ቢሆን ይሻላል። ደግሞ መጀመሪያ ሃያ ስድስት አሉ፣ ከዚያ ሠላሳ አራት፣ አሁን ሠላሳ አንድ። ስንት ጊዜ ተዋሽተናል ደጌ?»

ቁጥሩ ሦስቴ መለዋወጡን እኔም ሰምቼ ነበር። 

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ ግን እያደር ደፈረሰ።

ከዚያ ሴትየዋ መጣች...

ቢኒ ሰዎች በየለቅሶው የቀረጿቸውን ሰባት ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ደርድሮ ለቀቀ። ሰባት ቤተሰብ፣ ሰባት ቀበሌ። በሰባቱም ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ረጅም ናት፤ ቢጫ ሻሽ አስራለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በሰባቱም ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች።

ከሥሩ «ተዋናይዋን ተዋወቋት» ብሎ ጽፎበታል።

አገር ምድሩ ተቀባበለው።

ደገፉ ጸጉሩን ሊነጭ ደረሰ። አልቃሽ ናት እኮ፣ ይላል። ያገኘውን ሰው ሁሉ ይዞ ያስረዳል። ሙሾ የምታወርድ ሴት ከለቅሶ ለቅሶ ትዞራለች፤ እንኳን ሰባት፣ ሃያ ለቅሶ ላይ ብትታይ ምን ይገርማል? ከተማ ያደገው ወጣት ሁሉ አልቃሽ የሚባል ነገር ጠፋው። እናቶቻቸው ያውቃሉ፤ ቻናሉን የሚያነቡት ግን እናቶቻቸው አይደሉም።

ቦምቤ ያሉት እማማ ጥሩዬ ቪዲዮውን በጎረቤት ስልክ አይተው ነበር። እሳቸው አልቃሽ ምን እንደሆነች ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። የደረሱበት ነገር ግን ከቢኒ የባሰ ሆነ።

አርባው ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ደገፉ ከቄስ ገብረማርያም ጋር ወደ አክስቱ ሄደ። ሬሳው ባይገኝም ፍትሐት ይደረግለት፣ የክርስትና ስሙን ብቻ ንገሩን ብለው ለመኗቸው። ያጠመቁት ቄስ ካረፉ ቆይተዋል። ስሙን ከእናቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

ምሳ ሰዓት ነበር። ገበታው ላይ የሄኖክ ሳህን ቀርቧል። የሚወደው ዳጣም፣ ያ የሚያቃጥለው ማባያ፣ በጎን አለ።

«ያቺ ሴት ለሁሉም አለቀሰች» አሉ እማማ ጥሩዬ። «ወደ እኔ ቤት ግን አልመጣችም። ልጄ ሞቶ ቢሆን እኔ ጋ ትቀር ነበር?»

«አክስቴ...»

«በሕይወት ያለ ልጄን ስም ለሙታን ጸሎት አልሰጥም።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እናት ስም ካልሰጠች ሄኖክ ሳይለቀስለት፣ ሳይፈታለት፣ ወንዝ ውስጥ ሊቀር ነው። ደገፉን እንቅልፍ የነሳው ይህ ነው።

እንግዲያውስ አልቃሿን ፈልጌ አመጣለሁ አለ።

ሦስት ቀን በሞተር ዞረ። የመጀመሪያው ቤት፣ እኛ አልጠራናትም፣ የአማቾቻችን ሰው መስላን ነበር አሉት። ወደ አማቾቹ ሄደ። እነሱም፣ የእነዚያ ሰው መስላን ነበር አሉ። ሁለተኛውም ቤት እንዲሁ። ሦስተኛውም። ሁሉም ቤት ሌላው ያመጣት ይመስለዋል። ስሟን የጠየቃት የለም።

ቢጠና አጠገብ ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩ ቶማ የሚባሉ አባት አሉ። በእኛ አገር አማርኛ ተባዕቱና እንስቱ እንደልቡ ነው።

«ያ ሴትዮ?» አሉት። «አልጠራነውም። መጣ፣ አለቀሰ፣ ሄደ። ውሃ እንኳ አልቀመሰ።»

መስከረም የምትባል እናት ደግሞ ሰው እስኪርቅ ጠብቃ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ልጄን በክርስትና ስሙ ነው የጠራችው...» አለችው። «እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ማን ነገራት?»

ደገፉ ሐሙስ ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ቤተሰቦቹ ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ እንዲገለብጥላቸው ስልካቸውን ሰጥተውት ስለነበር ዋናዎቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ። እኔን ጠራኝና ጎኑ ቁጭ አልኩ። የተቀረጹበትን ሰዓት አንድ በአንድ ከፈተ።

የመጀመሪያው፦ እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ከአምስት።

ሁለተኛው፦ እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ከአምስት።

ሦስተኛው...

ሰባቱም አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት። ከአንደኛው ቀበሌ ወደ ሰባተኛው በሞተር እንኳ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

«ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል» አልኩት።

«የሰባት ሰው ስልክ?»

ምስሉን አጎላው። ለቀስተኛው ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቋል። በእሷ ዙሪያ ግን አንድ ክንድ ያህል ባዶ ነው። በሰባቱም። ማንም ወደዚያ አልተጠጋም፤ እንዳልተጠጋም ያወቀ አይመስልም።

«የቀሚሷን ጫፍ እየው» አለኝ በሹክሹክታ።

ረጥቧል። እስከ ጉልበቷ ድረስ።

ያ እሑድ ጠብታ ያልጣለበት ቀን ነበር።

ደገፉ ኮምፒውተሩን አጠፋው። ይህን ካወጣሁት ቢኒ አሸነፈ ማለት ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ማንም አይቶ «ተቀናብሯል» ነው የሚለው። ያን ሁሉ ቀን እውነት ይውጣ ሲል የከረመ ሰው፣ እውነቱን ጠቅልሎ መደበቅ ግድ ሆነበት። እዚያው ተቀምጬ እኔ ራሴ በንዴት ጠረጴዛውን መታሁት።

ለአርባው አራት ቀን ቀረው። ያኔ ነው የሙሽራ ብጉር ማጥፋት ቅር የሚለው ደገፉ፣ ድራማ ሊሠራ የወሰነው።

በዴሳ ከተማ ውስጥ ፈጠነች የምትባል ስመ ጥር አልቃሽ አለች። ዓርብ ሄዶ ለመናት። ቢጫ ሻሽ ገዛላት። ለአክስቴ ያቺ ነኝ በያቸው፣ መንገድ ርቆብኝ ዘገየሁ በያቸው፤ አንዴ ካለቀሱ ስሙን ይሰጣሉ አላት። ፈጠነች ሴትየዋን ልያት ብላ ቪዲዮውን ተቀበለች። አየችና ስልኩን ቶሎ መለሰችለት።

«ይቺ አልቃሽ አይደለችም» አለችው። «እኛ ለቀስተኛውን እያየን ነው ሙሾ የምናወርደው። ማን አለቀሰ፣ ማን ቀረው እያልን። ይቺ የምታየው ሬሳውን ብቻ ነው።»

ቢሆንም ስለ እናትየዋ ብላ እሺ አለች።

ቅዳሜ ከሶዶ መናኸሪያ ተሳፍረው በአረካ በኩል ቦምቤ ደረሱ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ፈጠነች ሻሿን አስተካክላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ግቢው በር ተራመደች...

ቆመች።

«ምነው?» አላት ደገፉ።

«ዝም በል...» ጆሮዋን አቀናች። «እዚህ ቤት ተለቅሷል።»

«አልተለቀሰም። ለዚያ አይደል እንዴ የመጣነው?»

«ተለቅሷል እልሃለሁ። አሁን... ጎዳው...»

በወላይትኛ ጌታዬ ማለቷ ነው። ሻሹን ከራሷ ፈትታ እጁ ላይ ጣለችለት። አንድ እርምጃ ወደፊት አልሄደችም።

ደገፉ ብቻውን ገባ።

እማማ ጥሩዬ ደጃፉ ላይ መሬት ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ጉንጫቸው በጥፍር ተቧጥጧል። ግቢው ደረቅ ቀይ አፈር ነው፤ ከፊታቸው ግን ሰው የተቀመጠበትን ያህል ቦታ ረጥቧል። ወደ እርጥቡ የሚመጣ ዳና የለም። ከእርጥቡ የሚወጣም የለም።

«መጣች» አሉ።

«ማን?»

«የላክሃት ሴት ናታ። አሁን ወጣች። በር ላይ አላገኘሃትም?»

በር ላይ እሱና ፈጠነች ነበሩ። ግቢው ሌላ በር የለውም።

«ወልደ ገሪማ እያለች አለቀሰችው ደጌ... በክርስትና ስሙ። ልጄ ሞቷል።»

ይህን ብለው የጨበጡትን መዳፍ ዘረጉለት።

«ቁልፉን ለደገፉ ስጪልኝ ብሎሻል... አለችኝ።»

የፎቶ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ደገፉ ኪስ ውስጥ ነበር። ሁለተኛውን ደገፉ ራሱ በቀይ የመብራት ሽቦ አስሮ ለሄኖክ ሰጥቶት ነበር፤ ሄኖክም ከኪሱ አይለየውም ነበር። እማማ ጥሩዬ መዳፍ ላይ ያለው ቀይ ሽቦ ታስሮበታል። ጥርሶቹ መካከል የወንዝ አሸዋ ገብቷል።

ውሃ ይንጠባጠባል።

ሰኞ ፍትሐቱ ተደረገ። ሄኖክ በስሙ ተጠርቶ ተለቀሰለት፤ ፎቶውም ግድግዳው ላይ ቦታውን አገኘ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እማማ ጥሩዬ የአርባ ቀኑን በአንድ ቀን አወረዱት። ሳህኑን ራሳቸው አጥበው አነሱት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ማክሰኞ ቢኒ ፎቶ ለጠፈ። ደገፉና ፈጠነች መናኸሪያ ቆመው፣ ፈጠነች ቢጫ ሻሽ አስራ። አንድ መንገደኛ አንስቶ ልኮለታል። ተዋናይዋን የሚያመላልሳት ፎቶ ቤቱ ነው ይላል ጽሑፉ።

ደገፉ ምን ይበል? ሻሹን የገዛው እሱ ነው። የሄደው ድራማ ሊሠራ ነው። በዚያ ሁሉ ክርክር ቢኒ አንዲት እውነት አገኘ፣ እሷም ይቺ ሆነች። 

ቁልፉ አሁን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል። አልደረቀም። ፀሐይ ላይ አዋልነው። በጸጉር ማድረቂያ ነፋንበት። በጨርቅ ጠቅልለን አቆየነው። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣው በስብሶ እናገኘዋለን።

ባለፈው ሳምንት ደገፉ ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ቢኒን ጠራው። ቢኒ መጣ። ቁልፉን አነሳ፣ አገላበጠው፣ አሸተተው።

«ስትዘጋ ውሃ ውስጥ ነክረኸው ትሄዳለህ አይደል?» አለ።

ደገፉ የበሰበሰውን ጋዜጣ ማንሳት ጀመረ። ደክሞታል። ቢኒ ፈገግ ብሎ እርጥብ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገና ወጣ።

ዛሬ ጠዋት በሱቄ በር አለፈ። ሰላም አለኝ። እየሄደ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ይጠርጋል... ይጠርጋል... አሁንም ይጠርጋል።

ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ።

ሶዶ ዝናብ ካየች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። መንገዱ አቧራ ነው።

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ድረስ ረጥቧል።