የተፈታው ብዕር

ብዕሩ ተፈታትቶ በራቢዓ ሻሽ ላይ ተዘርግቷል፤ ሆዱ ውስጥ የነበረው የላስቲክ ከረጢት ግን ለሁለት ተቀዷል።

«ያ አላህ!» አለች ራቢዓ።

ብዕሩ የእሷ ቢሆን ምናለበት! ንብረትነቱ የጣሊያናዊው የመንገድ ሥራ አለቃ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ እጁ መግባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ወደ ደሴ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት አንዲት ወረቀት ላይ ከፈረመ ወንድሟ ኢብሮ ነፃ ይወጣል። ኢብሮ ጣርማ በር ተራራ ላይ ለመንገዱ ድንጋይ ሲፈልጥ ከርሞ፣ አሁን በወባ ተይዞ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ካምፑ ውስጥ ተኝቷል። ያለ ፊርማ ቢወጣ እንደ ኮበለለ ተቆጥሮ ይታደናል። አባቷ ሼህ አብዱልመጂድ በቅሎ ተውሰው ከጧት ጀምሮ ካምፑ በር ላይ ቆመዋል።

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ነው። የጣሊያኑ ቀለም አለቀና አስተርጓሚው ደምሴ ብዕሩን እንድትሞላለት ይዞላት መጣ። በአባቷ ቁርአን ቤት ቀለም የምትበጠብጠው እሷ ናት፤ የድስት ጥላሸት በውሃ፣ ከዚያ የግራር ሙጫ። ሙጫ ከሌለው ጽሕፈቱ ከእንጨት ሰሌዳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳትሰስት ጨመረችበት። ዛሬ ጧት ስትሞክረው ብዕሩ ሁለት ቃል ጽፎ ዝም አለ። ሙጫው ጉሮሮው ውስጥ ደርቆ ነበር፤ ስትፈታው ደግሞ የተጣበቀው ከረጢት ተቀደደ።

እውነቱን ለመናገር፣ የፈታችው ለማጽዳት ብቻ አይደለም። የራቢዓ እጅ መቼ ያርፍና! ቀለም በሆዱ ይዞ የሚዞር ብዕር ኪስ ውስጥ ለምን አይፈስም? ትናንት ቀኑን ሙሉ ይህ ሲከነክናት ነበር የዋለው። አሁን አየችው። ከብረቱ ጫፍ ሥር ጥቁር ምላስ አለ፤ ምላሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቦይ። ቀለሙ በዚያ ይወርዳል፣ ቦታውን የሚተካው አየር በዚያው ይገባል። አየር ካልገባ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። የብረቱ ጫፍ ደግሞ መሃሉ ተሰንጥቋል፣ እሷ የሸምበቆ ብዕር ስትቀርጽ በቢላዋ እንደምትሰነጥቀው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

ደምሴ በሩን ገፍቶ ገባ። ሻሹን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«በጊዮርጊስ! አንቺ ልጅ፣ ጨረስሽኝ እኮ!»

«ይጽፋል፣ ጋሼ ደምሴ። ትንሽ ይቆዩ፣ ይዩ።»

ከራሷ አንድ ፀጉር ነቅላ ቦዩን ጠረገች። ምላሱንና ጫፉን መልሳ ገጠመች፣ ከረጢቱን ተወችው። ከዚያ ጫፉን ከብልቃጡ ቀለም ውስጥ ነክራ ሰሌዳው ላይ ስሟን ጻፈች።

«ከረጢቱ ጎተራው ነው እንጂ የሚጽፈው ይሄኛው ነው። እየነከረ ይፈርም።»

«መቀደዱንስ ምን ልበለው?» ደምሴ ከንፈሩን ነከሰ። «የሼሁ ልጅ ፈታችው ካልኩት ወረቀቱን ይቦጫጭቀዋል። ውሃ የሚያመላልሰው ሷሊሕ ጣለው እላለሁ። እሱ እንደሆነ ጣሊያንኛ አይሰማ፣ ምን እንዳልኩ አያውቅም።»

«ይገርፉታላ!»

«ወንድምሽ እዚያው ይሙት ታዲያ?»

እሺ ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኢብሮን ካምፑ ውስጥ ተደብቆ ውሃ የሚያጠጣው ማን ሆነና? ታሞ መተኛቱንም የነገራቸው ሷሊሕ ነው። 

ብዕሩን ከተቀደደው ከረጢት ጋር ሻሹ ውስጥ ጠቀለለችው። የቀለሙን ብልቃጥ ከደነች።

«እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ምን ልትሠሪ? ቋንቋውን አታውቂ!»

«ይንገሩኛ። ‹እኔ ነኝ ያደረግሁት› በእነሱ እንዴት ይባላል?»

ደምሴ ፊቷን አየ፣ መሬት መሬት አየ። ከወንዙ ማዶ የካሚዮን ሞተር ሲነሳ ተሰማ።

«ሶኖ ስታታ ኢዮ» አለ በመጨረሻ።

«‹እኔ› የሚለው የትኛው ነው?»

«ኢዮ።»

«ኢዮ» አለች ራቢዓ። ብልቃጡን አንስታ ቀድማው ወጣች፤ ቃሉ እንዳይጠፋባት ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ እየደጋገመችው።