የቀለጠው የሰደፍ ጎማ

ነርሷ ከሥራ ተመልሳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አባቷን የጠመንጃ ክፍሉ ወለል ላይ አገኘችው። ደረቱን ተመትቶ በጀርባው ወድቋል። አጠገቡ ጠመንጃ፣ ዘይትና መወልወያ ጨርቅ ተበታትነዋል። በሥራዋ ስንት ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን እንደ ማንም ልጅ ጮኸች።

ጎረቤቱ ሁሉ ሲወለውል ባርቆበት ነው አለ። እሷም ልታምን ምንም አልቀራትም ነበር። ሆኖም በር ላይ የተሰቀለው የባሏ ሰማያዊ የሥራ ጃኬት ትከሻው ላይ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ተለጥፎበት አየች። ሳታስብ ከሚታጠበው ልብስ ሥር ወሸቀችው።

ባሏና አባቷ ተኳርፈው ሰንብተዋል። የአጎቷ ሚስት ከባሏ ዱላ ሸሽታ እነሱ ዘንድ ተጠግታለች። አጎቷ እገድልሻለሁ ብሎ ስለዛተባትም አባቷ የወንድሙን ጠመንጃ ነጥቆ ብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። የነርሷ ባል ደግሞ የሰው መዘዝ ቤታችን አይግባ ባይ ነበር። አሁን ሊያጽናናት ትከሻዋን ሲነካት ሰውነቷ ሽምቅቅ አለ።

የመጣው መርማሪ ድምፁ ዝግ ያለ ሻምበል ነው። ባሏ ጓሮ የውሃ ሞተር ሲጠግን በጩኸቱ ተኩስ እንዳልሰማ ነገረው። የአጎቷ ሚስት ገበያ ነበርኩ አለች። አጎቷ ከቤቴ ሳልወጣ ሰው ነው ያረዳኝ ብሎ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ሻምበሉ ያንንም ያንንም ሰምቶ ጠመንጃውን ገለበጠና ሰደፉን ትኩር ብሎ አየ።

ስለ አባቷ የጠመንጃ አያያዝ ጠየቃት። ጠመንጃ ጥይት ጎርሶ እንደማያስቀምጥ፣ ጥይቱን ለብቻው ቆልፎ ቁልፉን ከወገቡ እንደማይለይ ነገረችው። የትከሻን ምት የሚያበርደውን የሰደፍ ጎማ ዘይት እንዳይነካው ይጠነቀቅ ነበር፤ ያቀልጠዋልና። አጠገቡ የተገኘውን የወንድሙን ጠመንጃ ጎማ ግን ዘይት ጨርሶታል። ሊቀይርለት የገዛው አዲሱ ጎማ ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሻምበሉ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ይህን ጎማ እዩት» አለ። «ሰማያዊ ክር ተጣብቆበታል። የሟች ሸሚዝ ግን ነጭ ነው፤ ትከሻውም ንጹሕ። ሰማያዊ ልብስ የማን ነው?»

«የእኔ ጃኬት ነው» አለ ባሏ። «ከተሰቀለበት ግን አጣሁት።»

ነርሷ የሚታጠበው ልብስ ወዳለበት ዞራ አየች። ሻምበሉ ፊቷን አየት አደረገና «እህቴ፣ የት እንዳለ ካወቅሽ አምጪልኝ» አላት።

ከሚታጠበው ልብስ ሥር አውጥታ አመጣችው። ባሏ ጃኬቱን ትቶ እሷን አያት።

ሻምበሉ ጃኬቱን ዘረጋው። «እድፉ ያለው ግራ ትከሻው ላይ ነው። ተኳሹ በግራው ነው ያነጣጠረው። ከእናንተ ቀኝ ዓይኑ የማያይ ማነው?»

ሁሉም አጎቷን ዞሮ አየ። ቀኝ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ የፈሰሰ ነው።

«የጥይቱ ሣጥን እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ሟች ወገብ ላይ» ሲል ቀጠለ። «ሣጥኑን አስከፍቼ አይቻለሁ፤ ለዚህ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት የለበትም። ስለዚህ ባዶ ጠመንጃ ሲወለወል አልባረቀም። ጥይቱን ይዞ የመጣው የጠመንጃው ባለቤት ነው። ጎማው ሊቀየር ከሣጥን ወጥቶ አገኘው። ከሩቅ ያየው የነርሷ ባል እንዲመስለው በር ላይ ያገኘውን ጃኬት ለበሰ። ወንድሙን ገድሎ ጠመንጃውን ይዞ ሊወጣ ሲል የጓሮው ሞተር ጠፋ፤ ሰው መጣ ብሎ ጠመንጃውን ጥሎ፣ ጃኬቱን በሩ ላይ መልሶ ሰቅሎ ሸሸ። የያዘው ጥይት ደግሞ ለወንድሙ ብቻ የታሰበ አልነበረም።»

የአጎቷ ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

አጎቷ አላስተባበለም። «ሚስቴንም ጠመንጃዬንም ቀማኝ» አለ በዚያው ባለቀሰበት ድምፅ። «ስጠኝ ብዬ ለመንኩት እኮ።»

ሲወስዱት ሚስቱ ወደ ውጭ ለማየት እንኳ አልደፈረችም። ነርሷ ደግፋ አልጋ ላይ አስተኝታት ስትመለስ ባሏን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዝቅ ብሎ መሬት መሬት ያያል።

«ጃኬቱን የደበቅሽው» አላት «ፈርተሽኝ ነው ወይስ ፈርተሽልኝ?»

ልትዋሸው አሰበች፤ ግን አቅም አጣች።

«ሁለቱንም» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጠጋ አለና ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት።