«ሰማይ ጠቀስ ሁለት»ን ማን ጻፈው?

«‹ድክመቶቹ› ከሚለው ጀምሮ ያለውን ሰርዢው» አለ ኬብሮን፣ ወረቀቱን እንደያዘ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ። «ጠንካራ ጎኑ ብቻ ይበቃል።»

ኑኃሚን ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ልብስ በሚያሰጡ ሰዎች ተሞልቷል፤ በደረጃው የሚወጣና የሚወርደውም ብዙ ነው። እሷ ግን ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም። ሰኞ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የምታነበው የፊልም ሂስ ነው። ፊልሙ ደግሞ የኬብሮን ነው።

«ሰማይ ጠቀስ»ን መጀመሪያ የሠሩት ከሦስት ዓመት በፊት የነበሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ጭምብል አጥልቆ ከኮንዶሚኒየም ጣሪያ ወደ ጣሪያ የሚዘል ጀግና በስልክ ቀርጸው ትምህርት ቤቱን ጉድ አሰኙት። እነሱ ሲመረቁ የፊልም ክበቡ ታሪኩን በአዲስ ተዋናዮች እንደገና ከሀ ጀመረው። ያም ተወደደ። ትናንት ዓርብ በአዳራሹ የታየው የዚህ የአዲሱ «ሰማይ ጠቀስ» ሁለተኛ ክፍል ነው። መጨረሻው ላይ «ደራሲና ዳይሬክተር፦ ኬብሮን ኣምሃ» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት መምህራኑ ከወደዱት ለክፍለ ከተማው የተማሪዎች ፊልም ውድድር ይላካል።

ኑኃሚን ቲቸር ወልደገብርኤል ሁለቱንም ጎን እንድትጽፍ እንዳዘዟት ነገረችው። የአማርኛ መምህሩ የሚኒ ሚዲያው ኃላፊም ናቸው።

«ቲቸር ምን ቸገራቸው» አለ ኬብሮን። «ጀለሴ ግን አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት፤ የሚኖሩትም አንድ ብሎክ ውስጥ ነው። ደግሞም ኑኃሚን ፊልሙን ወድዳዋለች። ያለ ሙዚቃ፣ በጫማ ኮቴና በትንፋሽ ድምፅ ብቻ የተሠራውን የደረጃ ላይ ፍልሚያ አድንቃ ጽፋለች። ክፉው ሰው ዓለምን ሊያጠፋ የመጣ ጭራቅ ሳይሆን የብሎኩን ውኃ ቆልፎ የሚሸጥ ደላላ መሆኑንም ወድዳለች። ያልወደደችው ጀግናው ከየትም ቢወድቅ የማይጎዳ መሆኑን ነው። ምንም የማይሆን ከሆነ ማን ይሰጋለታል? ደላላው መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ንግግር ደግሞ አራት ደቂቃ ሙሉ ይፈጃል፤ ገና ሳናምነው ያለቅሳል።

«የእናትየዋ ትዕይንት ላይ የጻፍሽው አሪፍ ነው» አለ ኬብሮን። «እሱን አስረዝሚው። ደራሲው እሷን ብቻ ጽፎ ቢተው እንኳ ይበቃው ነበር በይ።»

በትዕይንቱ የጀግናው እናት የሚታጠብ ልብስ ስትሰበስብ ልጇ አልጋ ሥር የደበቀውን ጭምብል ታገኛለች። አትጮህም፣ አትጠይቀውም። አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ እዚያው ትመልሰዋለች። አዳራሹ ውስጥ ሲንሾካሾክ የነበረው ተማሪ ሁሉ ያን ጊዜ ጸጥ ብሎ ነበር።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው።

ኬብሮን ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። «ከጭንቅላቴ ነዋ።»

ኑኃሚን ግን ይህን ታሪክ ከሁለት ወር በፊት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰምታዋለች። የነገረቻት አባዲት ናት፤ ዘንድሮ ወደ ክፍላቸው የተዛወረች ዝምተኛ ልጅ። ወንድሟ ከቤተሰቡ ተደብቆ ቦክስ ይለማመድ ነበር። እናታቸው እጁን የሚጠቀልልበትን ጨርቅ አገኘችው፤ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ምንም ሳትል ቦርሳው ውስጥ መለሰችው።

ቅዳሜውኑ ከሰዓት በኋላ ኑኃሚን አባዲት ወደምትኖርበት አብነት ሰፈር ሄደች። የአባዲት አባት በርና መስኮት የሚበየድበት ጠባብ ቤት አላቸው፤ አባዲት በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ታነባለች። ኑኃሚን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልሆነላትም። ትዕይንቱ የማን እንደሆነ በቀጥታ ጠየቀቻት።

አባዲት መጽሐፏን ዘጋች። ኬብሮን ታሪኩ አልሄድ ብሎት ሲጨነቅ አይታ ጥቂት ገጾች ጽፋ እንደሰጠችውና እሱም ስሟን እንደሚያስገባ ቃል እንደገባላት ነገረቻት። «ዓርብ የሰዎቹ ስም ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም» አለች። «ምናልባት በትንሹ ጽፎት ይሆናል ብዬ።»

ኑኃሚን ስሟን በሚኒ ሚዲያ ብትጠራ ቅር ይላት እንደሆነ ጠየቀቻት። አባዲት የሂሱን ወረቀት ተቀበለቻትና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጣቷ መጨረሻው ላይ ቆመ።

«ይኼ ደካማ ነው ያልሽው ንግግርም የኔ ነው።»

የኑኃሚን ፊት እንደ እሳት ጋለ። አለማወቋን ተናግራ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ እንደምታስተካክለውም ነገረቻት።

«ውሸት ነው እንዴ የጻፍሽው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ተይው» አለች አባዲት። «ስሜን የምትጠሪ ከሆነ ግን ለሁለቱም ጥሪኝ።»

እሑድ ኑኃሚን ሂሱን እንደገና ጻፈችው። ለኬብሮን ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳም። ሰኞ እረፍት ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ግን ራሱ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል መጣ። ቲቸር ወልደገብርኤል ሜዳው ላይ የሞንታርቦውን ገመድ እያስተካከሉ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«የድክመቶቹን ክፍል አወጣሽው?» አላት።

ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበ። የአባዲት ስም ላይ ሲደርስ ጆሮው ሲቀላ አየችው።

«ውድድሩን ልታሳጪኝ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከፈለግክ አንተ ተናገረው። ማይኩን እለቅልሃለሁ።»

ኬብሮን ማይኩን ለአፍታ ተመለከተና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ስታነብ ድምፅ ሲያጥራት አጠገቧ ቆሞ ግማሹን ያነበበላት ማን እንደነበር ጠየቃት።

«አንተ» አለች። «ለዚያ ነው ሰው ሳይሰማው ያሳየሁህ።»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ከየክፍላቸው ሲፈስሱ ይሰማል። ኬብሮን ወረቀቱን አልቀደደውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ወደ እሷ አልዞረም።

«ንግግሩን አጭር አድርጋ ነበር የሰጠችኝ» አለ። «አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። ያስረዘምኩት እኔ ነኝ።»

በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ። ተናድዶ ይሁን ተጸጽቶ ኑኃሚን ማወቅ አልቻለችም፤ ይጻፍልኝም አይጻፍብኝም አላለም። በመስኮቱ በኩል ቲቸር ወልደገብርኤል እጃቸውን አንስተው ጀምሪ የሚል ምልክት ሰጧት።

እስክሪብቶዋን አንስታ «ንግግሩን የጻፈችው አባዲት ናት» ከሚለው ሥር «ያስረዘመው ኬብሮን ነው» ብላ ጨመረች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ማይኩን ከፈተች።