ዲናሞ የሌላት ትራክተር

ሽማግሌው አትክልተኛ በትራክተር ማቆሚያው ውስጥ፣ ቀን ቀን በሚያሸልብበት ታጣፊ አልጋ ላይ ሞቶ ተገኘ። የገደለው ጭስ ነው። በሩ ተዘግቶ አሮጌዋ የአትክልት ትራክተር ከጎኑ ነዳጇን እስክትጨርስ ስታጨስ ነበር። እሱ ደግሞ ጆሮው ከባድ ነው፤ ሲተኛ የማዳመጫ መሣሪያውን አውልቆ መስኮቱ ላይ ካስቀመጠ ሰማይ ቢደረመስ አይሰማም።

መርማሪዋ ስትደርስ ጥፋተኛው ተገኝቶ፣ ተፈርዶበት፣ ሊሰቀል ምንም አልቀረውም። አንድ ፖሊስ መካኒኩን በካቴና አስሮ በሩ ላይ አቁሞታል። የሟች ልጅ ባል፣ ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ ሰው፣ እየጮኸ ያስረዳል።

«ቻርጅ ታደርግ እንደሆን ልይ ብሎ አስነሳት፤ ከዚያ በሩን ዘግቶ ወደ ገበያ! ሰው ተኝቷል አይል፣ ምን አይል! እንዲህ ያለ ዝርክርክ መታሰር ሲያንሰው ነው።»

መርማሪዋን «እሳቷ» ይሏታል፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት በከንቱ አይደለም። ሬሳ ሳይነሳ ጥፋት የሚያድል ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችውና ወደ መካኒኩ ዞረች። «አንተ ተናገር።»

«ምን ልናገር? አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ!» አለ መካኒኩ፣ ካቴናውን እያንገጫገጨ። «የዲናሞዋ ካርቦን አልቆ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ትታለች፤ ባትሪውም በዚሁ ሞቷል። ጠዋት ዲናሞውን ፈትቼ ‹ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ፤ ካርቦን ገዝቼ መጣሁ› ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ቤቱ ጭስ ብቻ! በሩን የከፈትኩት እኔ፣ ኡኡ ያልኩት እኔ፣ የታሰርኩት እኔ!»

እሳቷ ወደ ውስጥ ገባች። እውነትም ዲናሞው ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። የትራክተሯን ቁልፍ አዞረችው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ትንፍሽ አላለም። ጎንበስ ብላ ባትሪውን አየች። ሁለቱም ጫፎች ላይ ጥርስ ያለው መቆንጠጫ የነከሰው አዲስ ጭረት አለ። ከባትሪው ዝቅ ብሎ ደግሞ የትራክተሯ አረንጓዴ ቀለም ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ብረቱ ራሱ ትንሽ ቀልጧል።

የሟች ታናሽ ወንድም ደጅ ተቀምጦ መሬቱን በከዘራው ይወጋል።

«አባባ፣ ይህችን ትራክተር ያውቋታል?»

«እንዴት አላውቃት! የአባታችን ናት። ጠባይዋ የተገላቢጦሽ ነው። የመኪናው ሁሉ ኔጌቲቩ ነው ከብረቱ ጋር የሚታሰረው፤ የሷ ግን ፖዘቲቩ ነው። ልጅ ሆኜ በሌላ ባትሪ ላስነሳት ብዬ ጥቁሩን ገመድ ብረቷ ላይ ባሳርፈው እሳት ተፋች! አባታችን ያቀመሰኝን ጥፊ ጉንጬ እስከ ዛሬ አልረሳውም።»

«መካኒኩስ ይህን ያውቃል?»

«በየዓመቱ የሚያክማት እሱ አይደል?»

የሟች ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አታለቅስም፤ ጥርሷን ነክሳለች።

«አባትሽ ሰሞኑን ከማን ጋር ተጣላ?»

ባሏን በጎን አየችው። «ከማንም።»

«ለምን ትደብቂያለሽ!» የሟች ወንድም ከዘራውን አነሳ። «ይህን ሰውዬ ትታ ወደ አባቷ ልትመለስ ነበር። ትራክተሯንም ያስጠግን የነበረው ለሷ ነው፣ አትክልቱን እንድታርስበት!»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ ባልየው። «እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«መኪናህ በሰው እየተገፋ ሲገባ አይቻለሁ። ምን ነካት?» አለው የሟች ወንድም።

«ባትሪ ይሆናል። እኔ መካኒክ ነኝ?»

«ጠዋት ደህና ነበረች» አለች ሚስቱ በቀስታ።

እሳቷ ሁሉንም ማቆሚያው በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ቁጣዋ ፊቷ ላይ ይታያል።

«‹ቻርጅ ልይ ብሎ አስነሳት› ተባለ። ዲናሞው ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ የምን ቻርጅ? ይህን ያለ ሰው መካኒኩ ምን ሲሠራ እንደዋለ እንኳ አላየም። ባትሪው ደግሞ ሞቷል፤ ሟቹም ቢፈልግ ሊያስነሳት አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው መኪናውን እዚህ በር ድረስ አስጠግቶ በገመድ ኃይል ሰጥቷታል። ይህች ሞተር አንዴ ከተነሳች ለካንዴላዋ የሚሆን ብልጭታ ራሷ ታመነጫለች፤ ባትሪ አትፈልግም። ገመዱን ነቅሎ፣ የተኛ ደንቆሮ ላይ በሩን ዘግቶ ሄደ!»

ከባትሪው በታች ወደ ጠቆረው ብረት ጠቆመች።

«ግን መጀመሪያ ተሳሳተ። ጥቁሩን ገመድ እንደ ማንኛውም መኪና ብረቷ ላይ አሰረው። መካኒኩ ይህን አይሳሳትም፤ አባባም በጥፊ ተምረዋል። ቀዩ የታሰረበት ፖዘቲቭ ከዚያው ብረት ጋር የተያያዘ ነውና እሳት ተፋች፤ የመኪናውንም ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ አቃጠለችው። ከዚያ በኋላ ነው ገመዱን ወደ ባትሪው ሌላኛው ጫፍ ያዞረው። ጠዋት ደህና የነበረች መኪና ማታ የምትገፋው ለዚህ ነው።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው!» ባልየው አምባረቀ።

«የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ክፈተው» አለችው ፖሊሱን።

ፖሊሱ የተጠቀለለ ገመድ ይዞ ተመለሰ። የጥቁሩ መቆንጠጫ ጥርሶች ቀልጠዋል፤ አረንጓዴ ቀለም ተጣብቆባቸዋል።

«ታዲያ ምን ይሁን!» አለ ባልየው፤ የደም ሥሩ ተገታትሯል። «ማን አባቱ ነው ሚስቴን ከቤቴ የሚያስወጣ?»

ፖሊሱ በኀፍረት ካቴናውን ከመካኒኩ እጅ ፈትቶ ባልየው ላይ አጠለቀው። መካኒኩ እጁን እያሻሸ አንዴ መሬት ላይ ተፋና ዘወር አለ። ባልየው ግን ገና ማዘዙን አልተወም፤ ወደ ሚስቱ አፈጠጠ።

«‹ጠዋት ደህና ነበረች› ትያለሽ? ቆይ፣ ቤት ስንገባ እንተያያለን!»

ሴትየዋ ከግድግዳው ተላቀቀች። ፖሊሱ ፊት ቆማ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለች። ክንዷ በልዞ፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ ተደራርቦበታል።

«ይህንንም ጻፍ» አለችው።

«ጣቢያ ስንደርስ፣ እህቴ...»

«አሁን!» ጮኸች። «እሱ እያየ ጻፍ!»