የእትዬ ነፊሳ ብርጭቆዎች

ቶኩማ ሞቶ የተገኘው የዘፈን ድምፆችን እያዋሀደ ሚክስ ከሚያደርግበት ወንበር አጠገብ ወድቆ፣ የኋላ ራሱን የጠረጴዛው ጠርዝ መትቶት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ስቱዲዮው ዘፈኑ ገና ይጫወት ነበር። ሚስቱ ፀዲ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳውን ይዛ ገባች፣ አየችው፣ ዘፈኑን ዘጋች፣ ሰው ጠራች። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ኢንስፔክተር ወይንሀረግ ስትደርስም እንደዚያው ነበረች። አላለቀሰችም።

ነገሩ ለፀዲ አያምርም ነበር። ከታች የሚኖሩት እትዬ ነፊሳ ዘፈኑ እስከ ዘጠኝ ሲደጋገም ሰምተዋል፤ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ያንኑ ዘፈን ሲመልስ ነው የሚውለው። እንግዲህ ባልዬው እስከ ዘጠኝ በሕይወት ነበረ፣ በዘጠኝ የገባችው እሷ ብቻ። ፖሊሶቹ ይዘዋት ሊሄዱ ቆመዋል። አሥር ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት የምትወጣ ልጇን ማን እንደሚያመጣት እንኳ አልጠየቀችም።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ቆዩ እስቲ» አለች ወይንሀረግ።

የቶኩማ የሥራ ባልደረባ ዳዲ የዘፈኑን ፋይል ከፈተላት። ስክሪኑ ላይ የድሮ ሬዲዮ የሚመስሉ፣ ሁለት ሁለት ቁልፍ ያላቸው ሥዕሎች ተደረደሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሳቹሬሽን ነው። የድሮ ቴፕ ማሽን ድምፅ የሚያመጣ ሶፍትዌር። እኛ ማሞቅ እንለዋለን። ሲሞቅ ይወፍራል፣ ይጮኻልም። የጮኸ ነገር ደግሞ ጆሮ ይሸነግላል፤ ያማረ ይመስላል። ስለዚህ ቶኩማ በግራው ቁልፍ ያሞቀውን ያህል በቀኙ ይቀንሳል። እኔንም ያስለመደኝ እሱ ነው።»

ወይንሀረግ አንድ በአንድ አየች። ድምፃዊው፣ ክራሩ፣ ከበሮው፣ ሁሉም በሞቀው ልክ ተቀንሷል። ቤዙ ብቻ እስከ ጥግ ሞቆ ምንም አልተቀነሰም። ፋይሉ መጨረሻ ሴቭ የተደረገው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።

ወደ ታች ወረደች።

«እትዬ ነፊሳ፣ ዘፈኑ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ነበር?»

«ኧረ የለም ልጄ። ዙሁር ሰግጄ ትንሽ ቆይቼ ነው የባሰበት። ብፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎቼ ሲንጫጩ ዋሉ። እሱ እንዲያ አድርጎ አያውቅም፣ ጨዋ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስከ ዘጠኝ ያው ነው። አልጨመረ፣ አልቀነሰ።»

በዘፈኑ ላይ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ቦጂያ መርዶውን ሰምቶ ከአብነት ሰፈር መጥቶ ነበር። «ስድስት ተኩል ላይ በደህና ተለያየን። ከስምንት ጀምሮ ልምምድ ላይ ነበርኩ፣ ይጠየቅ» አለ። ተጠየቀ፤ ልምምዱ እውነት ነበር።

ወይንሀረግ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሚክስ የሚያደርግ ሰው የሚደጋግመው እየነካካ ነው። እትዬ ነፊሳ የሰሙት ግን ማንም ያልነካው ዘፈን ነው። ገዳዩ ኮምፒውተሩ እንዲደጋግም አድርጎት ወጥቷል። መቼ? ሰባት ከሃያ፣ ብርጭቆዎቹ መንጫጫት ሲጀምሩ። ያን ሰዓት ቤዙን ያሞቀው ቶኩማ ቢሆን ይቀንሰው ነበር። ዳዲም መቀነስ እጁ ለምዷል። ፀዲ ደግሞ ባሏን ገድላ ቤዝ ምን ይሠራላታል?» ወደ ቦጂያ ዞረች። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ወጥተህ ልትሄድ ስትል የገዛ ቤዝህ አነሰብህ።»

ቦጂያ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«ሦስት አልበም ሙሉ ቤዜን ከሌላው ድምፅ ሥር ቀበረው። ትንሽ አውጣኝ አልኩት፣ ሳቀብኝ። አንዴ ነው የገፋሁት።»

«ከሞተ በኋላስ ቤዙን ለምን ነካኸው?»

«ሰው እንዲሰማኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወረዱ። ዳዲ ሳያስበው ቤዙን ቀንሶ ዘፈኑን ከፈተው። ፀዲ ቀና አለች።

«ይኼ የሱ ነው» አለች።

«በይ ተነሺ እህቴ» አለቻት ወይንሀረግ። «ልጅሽ የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል።»

ፀዲ ተነሳች። ምሳ ዕቃውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ቀዝቅዟል» አለች። «መጀመሪያ ላሙቅለት።»