የአረንጓዴው በር ነጭ ምልክት

እናቴ ትሙት፣ ይሄ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው! ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አመጣዋለሁ?

በ1996 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ኦክላንድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ዘፍ ብዬ ስቀመጥ ከሥሬ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ።

«ቤጂንግ ላይ ተቀመጥክ እኮ!» ብላ ጮኸች ሐሴት።

«ይቅርታ... ካርቶን መስሎኝ።»

ሳቋ አመለጣት። እኔም በዚያው አለቀልኝ።

ሐሴት ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን ትማራለች። የጨፈለቅኩት ለመመረቂያ ጽሑፏ በካርቶን የሠራችው የቤጂንግ ሰፈር ሞዴል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ፣ ሚስተር ሊን የሚባሉ ቻይናዊ ሽማግሌ ባከራዩዋት ክፍል፣ የካርቶን ቤቶቹን ጣሪያ እያጣበቅኩላት ታስተምረኛለች።

«ድሮ አንድ ግቢ የአንድ ቤተሰብ ነበር፤ በኋላ ስምንት ቤተሰብ ተጋራው። አሁን እያፈረሱ ሰዉን ከተማ ዳር ፎቅ ላይ ይሰቅሉታል። እየሰማኸኝ ነው?»

«በደንብ!»

ጣቶቿን ነበር የማየው። ጉዴም የመጣው በዚሁ ነው።

በፎቶዎቿ ላይ በየግድግዳው አንድ ነጭ የቻይና ፊደል፣ ዙሪያው ተከቦ፣ ተቀብቷል። እኔ የበዓል ጌጥ መሰለኝ! ለአዲስ ዓመታቸው ላስደስታቸው ብዬ፣ ሚስተር ሊን ገበያ በሄዱበት አረንጓዴ በራቸው ላይ በነጭ ቀለም አሳምሬ ገለበጥኩት።

ሲመለሱ ብርቱካናቸው ደረጃው ላይ ተበተነ። ገብተው ሻንጣ ይዘው ወጡና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«እዚህም መጡ? መቼ ነው የሚያፈርሱት?» አሉኝ።

ድምፃቸውን ሰምታ የወጣችው ሐሴት ክው አለች። «‹ይፈርሳል› ማለት ነው፣ ፋሲል! ያ የምሠራው ሰፈር የእሳቸው ነው፤ የተወለዱበትን ቤት እንዲህ ጽፈው ነው ያፈረሱባቸው። ሚስታቸው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ‹ግቢዬ› እያለች ሞተች!»

«እኔ እኮ...»

«እሳቸው ቤታቸው ካልገቡ አንተም ሁለተኛ ዓይኔን አታይም!»

በአረንጓዴ ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ሲደርቅ፣ ነጩ ፊደል ከሥር ብቅ ይላል።

«አይለቅም» አሉ ሚስተር ሊን። «ሚስቴም በር እየጠፋት ታንኳኳለች። አትሰማትም?»

ሰማሁ መሰለኝ...

ሮጬ የሐሴትን የካርቶን ሰፈር አመጣሁ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ቤት የቱ ነው?»

ጣታቸው አንዷ ጣሪያ ላይ አረፈ። ከዚያው አረንጓዴ ቀለም ጠብታ ወስጄ፣ ምልክት የሌለው አረንጓዴ በር ሠራሁላት። ቤቷን ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሳቁ! ገቡም። ሐሴት ቀለም የነካውን እጄን ጭምቅ አደረገችው። በዓመቱ ተጋባን።

እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ።

ሚስተር ሊን አልሳቁም። ትንሿን ቤት እንዳቀፉ ዞረው በጓሮ በር ገቡ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱም ድረስ የፊቱን በር አልነኩትም።