ከግድግዳው ሥር የነበረው ካራምቦላ

አባ ቢምረው ሞተው የተገኙት በረንዳቸው ላይ፣ ከሚወዱት ወንበር ሳይነሱ ነው። ከአጠገባቸው ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በኮከብ ቅርጽ የተቆራረጠ ቢጫ ፍሬ በሳህን ተቀምጧል። ሁለቱ ቁራጭ ተነክሷል። ሐኪሞቹ ደማቸውን መርምረው የሞቱን ምክንያት በአንድ ቃል ተናገሩ፤ ካራምቦላ።

ካራምቦላ ለጤነኛ ሰው ጣፋጭ ፍሬ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን መርዝ ነው። መጀመሪያ የማያቆም ስርቅታ ያመጣል፣ ቀጥሎ አእምሮ ያስታል፣ ከዚያ ይገድላል። አባ ቢምረው ደግሞ በዲያሊዛ ማሽን ደማቸውን እያሳጠቡ የሚኖሩ ሰው ነበሩ።

መርማሪ አትክልት ወንዳለን ያስጨነቃት ይህ ነው። ሟቹ ፍሬ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አባ ቢምረው ግን እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ በተባለው ሰፈር ባለችው የምድር ቤት ግቢያቸው ሊቺውን፣ ጊሽጣውን፣ ከሩቅ አገር የመጣውን ጥቁር ሳፖቴ ሁሉ ያጸደቁ፣ ሰው ከያለበት የቅጠል ፎቶ እየላከ «ይህ ምን ዛፍ ነው?» የሚላቸው አዋቂ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው የተከለከለውን ፍሬ እንዴት በሳህን ቆራርጦ ይበላል? እሷ ራሷ ስሟ አትክልት ይሁን እንጂ ናናን ከበሶብላ የማትለይ ሴት ናት፤ በሚሽታራ፣ በፖሊስ ጣቢያው ያሉ ባልደረቦቿም በዚህ ሲስቁባት ይውላሉ። አለቃዋ ግን አልሳቀም። «ሚስቱ ሳታውቅ ሰጥታዋለች። የቸልተኝነት ሞት ብለሽ ቲኩን፣ መዝገቡን ዝጊው» አላት። ነገሩ አልዋጥ አላት።

አስከሬኑ ገና ከምርመራ ሳይመለስ ወደ ቤቱ ሄደች። የሟቹ ሚስት ጸሐይነሽ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። ልጃቸው ኦድያ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል፣ ወደ እናቷ ግን አይዞርም።

«እማ ጸሐይነሽ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ያን ቀን ምን ሰጧቸው?»

«የፖም ጭማቂ ነው ልጄ። የሚጠጣው ተለክቶ ነው። በዚህች ኩባያ ሞልቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥሁለትና ለጉዳይ ወደ ሃኪርያ፣ ወደ መሐል ከተማው ሄድሁ። ስመለስ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት።»

«ፍሬውስ?»

«እኔ አልቆረጥሁም። አልቆረጥሁም እላለሁ፤ ግን ማን ያምነኛል? ሌሊቱን ሁሉ ራሴን ስጠይቅ አድሬያለሁ። ጭማቂው ውስጥ ሳላውቅ ሌላ ነገር ጨምሬ ይሆን? ዓይኔ እንደሆነ ደክሟል።»

ኦድያ ከበሩ ላይ ሆና «አዝነሽለት ነው» አለች። «‹አንድ ቀን እንኳ ልቅመስ› ሲልሽ አንጀትሽ አልችል አለ። በይ እመኚ።»

ጸሐይነሽ እንደገና እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ቅስማቸው ተሰብሮ ነበር፤ አትክልትም ይህን ስታይ ልቧ ታመመ።

«ኩባያዋን የት አገኟት?» ስትል ጠየቀች።

«ታጥባ ዕቃ ማድረቂያው ላይ ተደፍታ።»

«ማን አጠባት?»

«እንጃ፤ እሱ ይሆናላ።»

«አባ ቢምረው ኩባያ ያጥቡ ነበር?»

ጸሐይነሽ ቀና አሉ። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሐል ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሊመጣ ትንሽ ቀረው። «እሱ? ዛፉን ቅጠል በቅጠል በጨርቅ ይወለውላል እንጂ ኩባያማ ከጠጣበት ቦታ አንስቶም አያውቅ። የጎንደር ወንድ አይደል እንዴ?»

አትክልት ይህን ልብ ብላ ያዘች። እናቲቱ ከሄዱ በኋላ አንድ ሌላ ሰው እዚህ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ቀጥላ የጎረቤቱን የራፊን በር አንኳኳች። ራፊ በዛፎቹ ምክንያት ከአባ ቢምረው ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ፣ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ነው።

«አልዋሽሽም» አላት። «ፍሬ የሚበሉት የሌሊት ወፎች መኪናዬን ሲያቆሽሹ ተሳድቤያለሁ። የካራምቦላው ሥር ግድግዳዬን ሲሰነጥቅ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄጄ ከስሼዋለሁ። በኋላ ግን እኔው ራሴ አካፋ ይዤ መጣሁ።»

«ለምን?»

«ታሞ ነበራ! ሰው ብቻውን ዛፍ ይነቅላል? ባለፈው የዝናብ ወራት ካራምቦላውን ከግድግዳው ሥር ነቅለን ከቤቱ ጀርባ ተከልነው። ስናነሳው አፈሩ ሁሉ ረግፎ ሥሩ ራቁቱን ቀረ። እኔ ‹በቃ ሞተ› ስል ቢምረው ሳቀ። ‹እንደ አዲስ ተተክሏል ማለት ነው፤ ዖርላውን ሀ ብለን እንቆጥራለን› አለኝ።»

ዖርላን አትክልትም ከቤቷ ታውቀዋለች። አዲስ የተተከለ፣ ወይም አፈሩ ረግፎ ዳግም የተተከለ ዛፍ ሦስት ዓመት እስኪያልፈው ፍሬው አይበላም፤ የኦሪቱን ሕግ የሚጠብቅ ሰው አይቀምሰውም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም።

«ስትነቅሉ ሌላ ማን ነበር?»

«ጸሐይነሽና ያቺ የዛፍ ወዳጁ ኢላና። ኢላና እንዲያውም አለቃችን ነበረች፤ እዚህ ቆፍር፣ እዚያ ቆፍር እያለች ወገባችንን ቆረጠችው።»

«የሞቱ ዕለት የሰማኸው ነገር አለ?»

ራፊ አንገቱን ደፋ። «ስርቅታውን ሰምቻለሁ። አላቆም አለው። ልሄድ ተነሣሁና አብሮት ሰው ሲያወራ ሰማሁ፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ በእናንተ ቋንቋ። የወንድ ይሁን የሴት አልለየሁም። ሰው አለው ብዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

አትክልት ከዚያ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። በአማርኛ የተናገረው ሰው ጸሐይነሽ ናቸው የሚል እንደሚበዛ ታውቃለች።

ኢላና ጡረታ የወጣች የተፈጥሮ ሳይንስ መምህርት ናት፤ እሷና አባ ቢምረው ችግኝ ሲለዋወጡ፣ ዛፍ ሲለዩና በስሙ ሲከራከሩ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። አትክልት የሳህኑን ፎቶ ስታሳያት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ አተኩራ አየችው።

«ይህ ከቢምረው ዛፍ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቅርንጫፉን ቆርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የእሱ ዛፍ ፍሬ ክንፉ ወፍራም ነው፤ ሲቆረጥ ኮከቡ ድብልብል ይላል። የዚህን እይ፣ እንደ ስለት ቀጥኗል። ይህ ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ደግሞስ ከየት ይመጣል? ዛፉ ከተነቀለ ወዲህ አበባውን ሁሉ አራግፎ ዘንድሮ አንድ ፍሬ እንኳ አልያዘም። ካላመንሽኝ ሄደሽ እዪው።»

አትክልት ሄዳ አየችው። ካራምቦላው ከቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ማድረቂያው ገመድ አጠገብ ቆሟል፤ ቀጭን ነው፣ ከስቷል። አበባም ፍሬም የለበትም።

የቀራት ሰው የሟቹ ታናሽ ወንድም አሳምነው ነበር። አድ ሃሎም በተባለው ሰፈር ከሚሠራበት መጋዘን ደጃፍ፣ ለለቅሶው ፈቃድ ሊጠይቅ በሄደበት አገኘችው። አሳምነውን በማኅበረሰቡ ውስጥ የማያመሰግነው ሰው የለም። ለወንድሙ ኩላሊቱን ሊሰጥ ቃል የገባ ሰው ነው፤ ምርመራው ሁሉ ተስማምቶ ቀዶ ጥገናው ብቻ ቀረ ይባል ነበር። ወደ ጸሎት ቤቱ፣ ወደ ቤተ ክኔሴት ሲገባ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይነሡለታል።

«ጋሽ አሳምነው፣ ኀዘንዎ ከባድ ነው። አላቆይዎትም። ወንድምዎ ያንን ፍሬ ለምን የበሉ ይመስልዎታል?»

«ጓጓ እንጂ ምን ይሆናል!» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ጋሼ ያን ዛፍ ስንት ጊዜ ጠበቀው! ዘንድሮ ዖርላው አለቀ። የመጀመሪያ ፍሬው ነው፤ አንድ ጊዜ ልቅመሰው ብሎ ይሆናል። ሰው አይደል?»

«የትኛው ነው ዛፉ? እኔ ዛፍ ከዛፍ አልለይም።»

«ከራፊ ግድግዳ ሥር ያለው ነዋ። ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ።»

«ግቢው ከሄዱ ቆይተዋል?»

«ሥራው መች ፋታ ይሰጣል። ሰንበት ሰንበት ግን ቤተ ክኔሴት እንገናኝ ነበር።»

አትክልት አመስግናው ተለየችው። በመንገዷ ላይ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለች የፍራፍሬ ሱቅ ገብታ ካራምቦላ እንደሆነ እየጠየቀች አንድ ፍሬ ገዛች፤ ከሻጩም ጋር ጥቂት አወራች።

የለቅሶው ሰባተኛ ቀን ላይ ሰዎቹ ሁሉ በግቢው ዳስ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ጸሐይነሽ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ኦድያ ከእናቷ ርቃ፣ አሳምነው ከሽማግሌዎቹ መሐል፣ ራፊና ኢላና ጫፍ ላይ። ለቅሶ ደራሹ ቀለል ሲል አትክልት ወንበር ስባ ከመሐላቸው ተቀመጠች።

«የመጣሁት እማ ጸሐይነሽ ላይ የተጫነውን ላነሣ ነው» አለች። «አባ ቢምረው ያን ሳህን አልነኩትም። ያስቀመጠው የገደላቸው ሰው ነው።»

ሰዎቹ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ኩባያዋ ታጥባ ተገኘች። እሳቸው ኩባያ አጥበው አያውቁም። ስለዚህ አንድ ሰው ጭማቂውን ደፍቶ በምትኩ የካራምቦላ ጭማቂ አጠጣቸው፣ ከዚያ ኩባያዋን አጠበ።»

«ጣዕሙን አይለይም ነበር?» አለች ኢላና።

«ከታመመ ወዲህ ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለዋል» አሉ ጸሐይነሽ ቀስ ብለው።

«ሰውየው ከዚያ በኋላ ከሱቅ የገዛውን ፍሬ ቆራርጦ ሁለቱን ነከሰና ከአጠገባቸው አስቀመጠ፤ ‹በገዛ ዛፉ ፍሬ ጓጉቶ ሞተ› እንዲባል። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። አባ ቢምረው ዖርላ የሚበሉ ሰው አይደሉም፤ ዛፉ ደግሞ ተነቅሎ በመተከሉ ቆጠራው እንደ አዲስ ተጀምሯል። ይህን ራፊ ያውቃል፤ አብሮ ነቅሏል። ኢላና ታውቃለች፣ ዛፉ ፍሬ እንደሌለውም ታውቃለች። እማ ጸሐይነሽ በየቀኑ በአጠገቡ ልብስ ያሰጣሉ። ከሦስቱ አንዳቸውም እንዲህ ያለ ሳህን አያሰናዱም፤ ማንም እንደማያምናቸው ያውቁታልና። ሳህኑን ያስቀመጠው ዖርላው ማለቁን የቆጠረ፣ ዛፉ መነቀሉን ግን ያልሰማ ሰው ነው።»

ዞራ ወደ አሳምነው ተመለከተች።

«ዛፉ ከራፊ ግድግዳ ሥር ነው አሉኝ። ከዚያ ከተነሣ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ቀን እንኳ ቸኩለው ስለነበር ወደ ግድግዳው ዞረው አላዩም። ራሴን የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው። ኩላሊቱን ሊሰጥ ቃል የገባ ወንድም ይህን ያህል ጊዜ የታማሚውን ደጅ ለምን አይረግጥም? ቀኑን ቆጥሬ ሳየው መምጣት ያቆሙት ሐኪሞቹ ‹ተስማምቷል› ካሉ በኋላ ነው። የባቡር ጣቢያው ሱቅ ሻጭ ፎቶዎን አይቶ አውቆዎታል። በዚያው ቀን በሥራ ሰዓት አውቶቡስ ይዘው ወደዚህ መምጣትዎንም የጉዞ ካርድዎ ይናገራል።»

የአሳምነው ደም ከፊቱ ሸሸ። ሽማግሌዎቹ ቀስ በቀስ ከጎኑ ፈቀቅ አሉ። ሲናገር ድምፁ እንደ ታመመ ሰው ወጣ።

«ፈራሁ» አለ። «ቢላዋውን ፈራሁ። ሌሊት ሌሊት ሆዴን ሲቀዱኝ እያየሁ እባንናለሁ። ቃል የገባሁት በሰው ፊት ነው፤ ካህኑ መረቁኝ፣ ሰው እጄን ሳመኝ። ከዚያ በኋላ ‹አልችልም› ብዬ በየትኛው ዓይኔ ሰው ልይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ይሉኝታ!» ብላ ኦድያ ጮኸች። «አባቴን ለይሉኝታ ገደልኸው?» ወዲያው እናቷ እግር ሥር ወደቀች። ጸሐይነሽ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ዳበሱት። «ተይ፣ ልጄ፣ ተይ» አሏት። ዓይናቸው ግን ከአሳምነው ላይ አልተነሣም።

«ያውቅ ነበር እኮ» አሉት።

አሳምነው ቀና አለ።

«ሐኪሙ ሲናገር ፈርተህ ወንበርህን ወደ ኋላ ስትስብ አይቶሃል። በዚያው ሳምንት ለሐኪሞቹ ‹የወንድሜን አልፈልግም፣ ሰርዙት፤ ለእሱ ግን ቀኑ ገና ነው በሉት› ብሎ ነግሯቸዋል። እኔ ‹ንገረውና ይረፍ› አልሁት። እሱ ‹እኔ ከነገርሁት ያፍራል፤ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ፣ ያኔ ምንም እንዳላወቅሁ ሆኜ እሰማዋለሁ› አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንተን ሲጠብቅ ነበር።»

አትክልት እጇን ወደ አሳምነው ክንድ ዘርግታ ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ያን ቀን በሩን ከፍተህ ስትገባ ልትነግረው የመጣህ መስሎታል» አሉ ጸሐይነሽ፤ አሁን እንባቸው ወረደ። «ደስ ብሎታል። ለዚያ ነው የሰጠኸውን ሳይጠይቅ የጠጣልህ።»